ወደ ሮዝቪል የተላከው ካርቶን

ጃንዋሪ 14 ቀን 1997፣ ማክሰኞ

«አዎ፣ ኣረጋሽ ነኝ። ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። የገባኝ ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ኣረጋሽ እናቴ ናት። እኔ አይዳ ነኝ። የደወለው በፖስታ መድኃኒት የሚልክላት ኩባንያ ነው። ፋይሏ ላይ ያለው ቁጥር የእኔ የሥራ ቦታ ስለሆነ ብሉሚንግተን፣ የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ዴስክ ላይ አገኙኝ። ፊት ለፊቴ አውሮፕላናቸው በበረዶ የተሰረዘባቸው ሰዎች ሻንጣቸውን እየገፉ ተሰልፈዋል። ሴትዮዋ «የጃንዋሪው ካርቶንዎ ትናንት ደርሷል ይላል፤ አገኙት?» አለችኝ። እማዬ ቤት ስለምትውል ተቀብላዋለች ብዬ አዎ አልኩ። በእናቴ ድምፅ ነው ያልኩት፤ ቃሉን ጎተት፣ እንግሊዝኛውን ሰበር አድርጌ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስናገር ኖሬአለሁ። ልጇ ነኝ ካልኩ «ታዲያ የአባት ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ይመጣል። የእኔ ተኽለሚካኤል፣ የእሷ ፍረዝጊ። ያንን አስረድቼ ስጨርስ ደግሞ «ይቅርታ፣ የምንነጋገረው ከታካሚዋ ጋር ብቻ ነው።»

ቤት ገብቼ «እማዬ፣ ካርቶኑን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«የምን ካርቶን?»

«የመድኃኒቱ ነዋ።»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ትናንትም ዛሬም ይህን በር ያንኳኳ ሰው የለም።»

ጃንዋሪ 15

በምሳ ሰዓት፣ ቆሜ።

ሮዝቪል! የላኩት ወደ ለቀቅነው ቤት ነው። የዲሴምበሩ እኮ በአዲሱ አድራሻ፣ እዚሁ ሌክ ስትሪት አጠገብ፣ በሰላም ደርሶን ነበር። ኩባንያው ጋ ደውዬ፣ ዴቢ የምትባል ሴት ፋይሉን አይታ «በወሩ መጀመሪያ ለውጥ ጠይቀዋል» አለችኝ። እኔ የጠየቅሁት ካርቶኑ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ እንዲቀር ነው። ያንን ለማስገባት ፋይሉን ሲነካኩት አሮጌው አድራሻ ተመልሶ መጥቷል።

«ስለዚህ ስህተቱ የእናንተ ነው» አልኳት።

«ወይዘሮ ፍረዝጊ፣ ግን ትናንት በራስዎ አንደበት ደርሶኛል ብለዋል። ጥሪው ተቀድቷል።»

ፍረዝጊ አያቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና በዕድሜው ወይዘሮ ተብሎ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

እኔ አይደለሁም እንዳልል እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም እንዳልል፣ እየተናገርኩ ያለሁት እሷ ሆኜ ነው።

ጃንዋሪ 16

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሮዝቪል ነዳሁ። መንገዱ መስታወት ነው። የሕንፃው ጠባቂ አስታወሰኝ። ካርቶኑን ውጭኛው በር ላይ፣ በረዶው ውስጥ ተትቶ እንዳየው ነገረኝ። በማግስቱ አልነበረም። «ቀይ ጽሑፍ ያለበት ነበር?» አልኩት። «አይ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነው። የጫማ ካርቶን የሚመስል።»

እንዳይታወቅ ብለን የለመንነውን አደረጉልን። ማንም አላወቀውም።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

እማዬ ተኝታለች። እዚህ ላይ ብቻ ነው ሙሉውን የምናገረው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «አስቸኳይ፦ የኩላሊት ንቅለ ተከላ መድኃኒት» ይላል። ሮዝቪል ማንም አያውቀንም ነበርና ግድ አልነበራትም። አዲሱ ቤት ግን ከፎቁ ግማሹ ሐበሻ ነው፤ ፖስታው የሚቀመጠውም ሁሉም የሚያልፍበት መግቢያው ላይ ነው። በገባን በወሩ ገደማ «ይቺን ጽሑፍ አስጠፊልኝ» አለችኝ። እኔም ተናድጄ፣ ግን ታዝዤ ደወልኩ።

በሽታ በእኛ ዘንድ ይደበቃል። የእሷ ደግሞ ድርብ ምስጢር ነው፤ ኩላሊቷ የእኔ ነው። በዘጠና አራት መጸው ሁለታችንም አንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ተኛን። ቤተ ክርስቲያን «ካሊፎርኒያ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል» ተባለ። ያስወራው አጎቴ ሰረቀብርሃን ነው። የእማዬ ጭንቀት ስለ ራሷ አይደለም። «ለማግባት የደረሰች ልጅ ናት። አንድ ኩላሊት ነው ያላት ከተባለ ማን ደጄን ይረግጣል?» ትላለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ ባዮሎጂ ተምሬአለሁ፤ በአንድ ኩላሊት መቶ ዓመት እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ነግሬአት «እሱን ለእኔ ሳይሆን ለወንዶቹ እናት ንገሪ» ነው መልሷ።

መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ነው፤ አይታለፍም። ከታለፈ ሰውነቷ የእኔን ኩላሊት እንደ ባዕድ ያባርረዋል። የእንክብሉ ብርማ መጠቅለያ ሲቀደድ የዘይትና የአልኮል ሽታ ኩሽናውን ይሞላዋል። መድኃኒቱ እጇን ያንቀጠቅጣታል፤ ሻይ ስትቀዳ ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው። ጉንጯ ላይ ፀጉር አብቅሎባት ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ትከናነባለች። ይህን ሁሉ የቻለችው «ያንቺን አላስወስድም» ብላ ነው።

«ስንት ቀረሽ?» አልኳት ዛሬ።

«አይዞሽ፣ አስቀምጫለሁ። አሮጌም አለኝ።»

«መሳቢያውን ልየው።»

«ልትቆጣጠሪኝ ነው አይዳ?»

ተውኩት። ደክሞኝ ነበር። ደግሞ እሷ ስኳርን እንኳ ለክፉ ቀን የምትሸሽግ ሴት ናት። አላት ማለት ነው።

ጃንዋሪ 21

ዴቢ፦ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። ሌላ ለመላክ ምርመራው ማለቅ አለበት።

ኢንሹራንሱ፦ የጃንዋሪው ተከፍሎበታል፤ ታካሚዋም መቀበሏን አረጋግጣለች። ሌላ ፋርማሲ አንፈቅድም፤ ውላችን ከዚያ ኩባንያ ጋር ነው።

ሌክ ስትሪት ያለው ፋርማሲ፦ ሰውዬው ደግ ነው። «ይህን መድኃኒት መደርደሪያዬ ላይ አይቼው አላውቅም፤ ባዝዘው እንኳ ኢንሹራንሳችሁ ይመልሰዋል» አለኝ።

ክሊኒክ ልደውል ስል እማዬ እጄን ያዘች። «ጥንቃቄ የላትም ብለው ይጽፉብኛል። ቀጠሮዬ በፌብሯሪ አይደል? እስከዚያ ይበቃኛል አልኩሽ።»

አልደወልኩም።

ጃንዋሪ 24፣ አርብ

ዛሬ ደስ ያለኝ ነገር ልጻፍ። ከሥራ ስመለስ እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የኮቴን ቁልፍ ስትሰፋ አገኘኋት። ክሩን መርፌ ውስጥ ራሷ ነው ያስገባችው! በአንድ ጊዜ! «እጅሽ ተሻለው እኮ» አልኳት። ቀና ሳትል «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ራት ላይም ሻይ ቀዳችልኝ፤ ሳህኑ ደረቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ መሀል ይህቺን ማየቴ አንድ ነገር ነው።

ጃንዋሪ 28

እንደገና በእናቴ ድምፅ ደወልኩ። ጭራሽ አለቀስኩም፤ እማዬ ሆኜ። ዴቢ «ብስጭትዎ ይገባኛል» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ዴስኩ ላይ በቀን አሥር ጊዜ እለዋለሁ። ከጀርባው ምንም እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዙለይሃ አብራኝ ዴስኩ ላይ ትሠራለች፤ ከሆቴሉ ሰው ጉዳዩን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ስልኩን ስዘጋ አጨበጨበች።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ድምፅ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቲያትር ቤት ነበር የሚቀጥርሽ።»

«አታሹፊብኝ።»

«አላሾፍኩም። እኔ የምለው፣ እናትሽ ራሷ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት ሰምተውት ያውቃሉ?»

«እንግሊዝኛዋ አይበቃም።»

«እሱን እነሱ ይጨነቁበት። ወላሂ፣ የእኔ እናት ብትሆን ጆሯቸውን ነበር የምታደነቁራቸው።»

ተቀየምኳት። የእሷ እናት ጤነኛ ናት።

ጃንዋሪ 30

የእማዬ እግር አብጧል። ካልሲው ቆዳዋ ላይ ቀለበት ሠርቷል። «ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነው» አለች። ቅዳሴ የነበረው እሑድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጠይቃት አስቤ ስልክ ጠራ። ዴቢ አይደለችም። የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ኩሽናው ሰሞኑን አይሸትም። መስኮት እየከፈተች ይሆናል።

ፌብሯሪ 2፣ እሑድ

አጎቴ መጣ። ታክሲውን ሞተሩ እንዳይሞትበት ውጭ እየሠራ ትቶት፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ወስኛለሁ አልኩት፤ ነገ ደውዬ «ደርሶኛል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ አይደለችም» እላለሁ።

«አብደሻል?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነት ነው። ግን ስሙ ፍሮድ ነው፤ ማጭበርበር። በሰው ስም መናገር! ኢንሹራንሱን ቢዘጉባትስ? ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ከየት ታመጪያለሽ፣ ከሰማይ?»

«ታዲያ ዝም ልበል?»

«ዝም በይ። ትሕትና ነው የሚያዋጣን። እስኪ ለምኚያቸው፤ ሰዎች እኮ ናቸው።»

«ጋሼ፣ ለምኛቸዋለሁ። ባልሆንኩት ሰው ድምፅ ሁሉ ለምኛቸዋለሁ።»

እማዬ ከመኝታ ቤት «ሰረቀ፣ ልጄን አታስጨንቅብኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀለል ባለ ድምፅ «ለእኔ ብላችሁ አትጣሉ። ይበቃኛል አልኩ እኮ።»

ፌብሯሪ 3፣ ሰኞ

አልደወልኩም። ፈራሁ። እዚህ እንኳ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ፌብሯሪ 4

ክሊኒክ። ነርሷ ካረን የደም ውጤቱን ይዛ ገባች፤ ፊቷን ሳይ አወቅሁ። የኩላሊቱ ድክመት የሚለካበት ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

«መድኃኒቷን በሰዓቱ ነው የምትወስደው?»

«አዎ፣ ሁሉንም ትወስዳለች» አልኩ።

ካረን አየችኝ። «አይዳ፣ የጠየቅሁት እሷን ነው።» ስልክ አንሥታ አማርኛ አስተርጓሚ አስጠራች። ድምፁን የማናውቀው፣ የት ከተማ እንዳለ የማናውቀው ሰው «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አላት። እማዬ ተነፈሰች። ለእሱ ነገረችው።

ካርቶኑ ከጠፋ ጀምሮ ግማሽ ነው የምትወስደው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ብቻ። አሮጌ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ለማታውቀው ሰው የነገረችውን ለእኔ አልነገረችኝም። አስተኟት።

ፌብሯሪ 5

ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ።

የደም ሥሯ ውስጥ ኃይለኛ መድኃኒት እያስገቡ ነው። ዶክተሩ ሰውነቷ ኩላሊቱን መግፋት ጀምሯል፤ ምን ያህሉን እንደምናተርፍ ጥቂት ቀን እንጠብቅ አለ። የጎደለውን መድኃኒት ሆስፒታሉ ሰጣት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከራሱ መጋዘን። መድኃኒቱ እዚሁ ነበረ። ጃንዋሪ 21 ብደውል ኖሮ ካረን በእጄ ታስይዘኝ ነበር።

መርፌውን አስባለሁ። እጇ የተሻለው መድኃኒቱን ስለቀነሰች ነው። ባዮሎጂ የተማርኩ ልጅ ደስ ብሎኝ ጻፍኩት። ሽታው መጥፋቱንም ጽፌዋለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አላነብም።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት።

«ስልክ ላይ እኔን ሆነሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ» አለች። እውነቱን ልጻፍ፦ ጃንዋሪ 28 የደወልኩት ሥራ ሳልገባ ከቤት ነው፤ ዙለይሃም ወደ ሆቴሉ ልትወስደኝ መጥታ ሳሎን ነበረች። ከላይ ዴስኩ ላይ እንደነበርን አስመስዬ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እናቴ በግድግዳው ማዶ መሆኗን መጻፍ ስላልፈለግሁ። «እኔ ሆነሽ ስትለምኚ ሰምቼ፣ ከግማሹም ቀንሼ ላብቃቃው አልኩ» አለችኝ።

ፌብሯሪ 7፣ አርብ

ከክፍሏ ስልክ ደወልኩ። በገዛ ድምፄ።

«አይዳ ተኽለሚካኤል እባላለሁ። የኣረጋሽ ፍረዝጊ ልጅ ነኝ። ጃንዋሪ 14 ደርሶኛል ያለችው እናቴ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም በኋላም ስታናግሪው የነበረው ድምፅ የእኔ ነው። ካርቶኑን እናንተ በተሳሳተ አድራሻ ላካችሁት፤ እናቴ ሆስፒታል ናት።»

ዴቢ «እንዲያ ከሆነ ካንቺ ጋር መነጋገር አልችልም። ታካሚዋ አይደለሽም» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ስዋሽ ሲሰሙኝ ኖረው፣ እውነቱን ስናገር በሩን ዘጉት።

እማዬ እጇን ዘረጋች። «አምጪው።»

«እማዬ፣ አይሰሙሽም።»

«አምጪው አልኩሽ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ሄሎ። ማይ ኔም ኣረጋሽ። አይ ስፒክ አምሃሪክ። ዩ ብሪንግ ኢንተርፕሪተር። አይ ዌይት።» ከዚያ ጠበቀች። ሙዚቃው ከጆሮዋ ላይ ይሰማኛል። እጇ ተመልሶ ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩን ልይዝላት ስል በዓይኗ ገሠጸችኝ። ነርሶች ገብተው ወጡ። ጠበቀች።

አስተርጓሚው ሲመጣ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠች። ለዴቢ፣ የእኛን ሙሉ ሰላምታ። «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ቤተሰብሽ ደኅና ነው? እናት አለችሽ?» አስተርጓሚው አንድም ሳይዘል ተረጎመው። ዴቢ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እማዬ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዕድሜ ይስጣት» አለች። ከዚያ ድምፇ ተለወጠ።

«ለእኔ ካርቶን አልደረሰኝም። ደርሶኛልም አላልኩም። ልጄ በእኔ ስም የተናገረችው እናንተ እኔን መስማት ስላልፈለጋችሁ ነው። ይቺ የምትጫወቱባት ኩላሊት የልጄ ናት። ከጎኗ ወጥታ ነው የተሰጠችኝ። አሁን ከበላይሽ ጋር አገናኚኝ። ካልተገኘም እጠብቃለሁ፤ የምሄድበት የለኝም።»

ዞር ስል በሩ ላይ ወይዘሮ ኣክበረት ቆማለች፤ የፎቅ ጎረቤታችንና የእማዬ የማኅበር ጓደኛ። ሾርባ ይዛ። አፏ ተከፍቷል።

እማዬም አየቻት። ስልኩን ሳታወርድ በሌላው እጇ ወንበር አሳየቻት።

ፌብሯሪ 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ክፍሉ ሞላ። ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ጸበል። እያንዳንዱ እኔን ከላይ እስከ ታች ያየኛል፤ ጎኔ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይዘገያል።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች፣ ከኋላቸው መሆኔን ሳያውቁ፦

«ጀግና ናት።»

«ጀግና ናት፤ ግን ምስኪን፣ ማን ያገባታል?»

«የሚፈራ ካለ ለእሱ ራሱ ልብ ይተከልለት» አልኩ። ዘለው ዞሩ። አንዷ ደንግጣ ሳመችኝ። ሌላዋ ደግሞ ቆይታ፣ ብቻዬን ስታገኘኝ፣ ባሏ ከአንድ ዓመት በፊት ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ መጀመሩን በሹክሹክታ ነገረችኝ። እስካሁን ለማንም አልተናገሩም። የእሱም መድኃኒት በፖስታ ነው የሚመጣው። «አንቺ ስትደውዪ ምን ትያቸዋለሽ?» አለችኝ።

ፌብሯሪ 13፣ ሐሙስ

እማዬ ትናንት ወጣች። ዶክተሩ የተናገረው ይህ ነው፦ ኩላሊቱ ተርፏል፤ የተጎዳው ክፍል ግን አይመለስም። አሥር አሥራ አምስት ዓመት ይሠራል ተብሎ የነበረው ምን ያህል እንደሚቆይ አሁን መናገር አይቻልም። አስተርጓሚው ለእሷ ሲነግራት እኔን አላየችኝም፤ ጎኗን በመዳፏ ሸፍና ነበር።

ዛሬ ካርቶኑ መጣ፣ በትክክለኛው አድራሻ። እላዩ ላይ ደብዳቤ አለ፤ እማዬ እንድትፈርመው ነው። «ምን ይላል?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ሳነብላት ማለስለስ ልማዴ ነበር። ዛሬ ቃል በቃል አነበብኩላት፦ መዘግየቱ የተፈጠረው በታካሚዋ በኩል በተሰጠ የተሳሳተ ማረጋገጫ መሆኑን ተቀብያለሁ፤ በኩባንያው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም፤ ጉዳዩ ይዘጋ።

አጎቴ ደውሎ «ትፈርም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ» አለ። ተናግሮ ሲጨርስ «ጋሼ፣ እሷን ጠይቃት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

«ሰረቀ» አለችው፣ «አልፈርምም።»

እኔም የራሴን ጻፍኩ። ለኩባንያው፣ ለኢንሹራንሱና በስቴቱ እነሱን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት። ከታች የራሴን ስም አኖርኩ፤ እማዬም ከጎኑ በአማርኛ ፈረመች። በሰው ስም መናገሬን ከነሙሉው አስቀምጬዋለሁ፤ የሚቀጡኝ ከሆነ ይቅጡኝ። የእኔ ጥፋት የእነሱን አይሸፍንም።

የእናቴን መታመም እንደ ነውር መሸፈንን ከእንግዲህ አልቀበልም። ትንሽ ሲሰጡን ማብቃቃትን፣ ሲበድሉን መለማመጥን፣ «ዝም በይ፣ ይበቃኛል» መባልን አልቀበልም፤ ከእናቴም ቢሆን። ከእኔ ሥጋ የወጣውንና በእሷ ሥጋ ውስጥ የሞተውን የኩላሊት ክፍል «መዘግየት» ብለው ሲጠሩትም አልቀበልም።